ጆሮው የተጠረገለት ዲጄ

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ልጅ "ብሮ ለዲጄ የሚመች ሄድፎን የቱ ነው" ብሎ ኢንቦክስ አደረገልኝ፣ መልሱን ልጽፍለት ጀምሬ ነገሩ ወደ ሰርጉ ታሪክ ሄደብኝ። እንግዲያው ሁላችሁም ስሙት።

ዲጄ ስጀምር ለኔ ሄድፎን ማለት ትልቅ ነገር ነበር። ጆሮን ውጦ ግማሽ ጉንጭ የሚሸፍን፣ ቤዙ አንጎል የሚነቀንቅ። መርካቶ አንዱን ሱቅ ውስጥ ሳደርገው ትራሱ ከመለስለሱ የተነሳ እንቅልፍ ሊወስደኝ ምንም አልቀረው፣ ሻጩም "ወንድሜ ይሄ ሶፋ ነው" አለኝ፣ ገዛሁት። ግን የሱቅ ምቾትና የአዳራሽ ምቾት አይገናኙም። ሱቅ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ነው የምትሞክረው፣ ሰርግ ላይ ደግሞ ሙሽሮቹ ከገቡበት ሰዓት ጀምሮ ኬክ እስኪቆረስ ከስፒከር ጎን ሱፍ ለብሰህ ቆመህ ላብህ ቁልቁል እየወረደ ነው።

መሀል ላይ ገመድ ሰለቸኝና ብሉቱዝ ሞከርኩ። እሱን እርሱት። ድምፁ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው ጆሮህ የሚደርሰው፣ 120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) ላይ ደግሞ ከአንድ ምት እስከ ቀጣዩ ያለው 500 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፣ አስቡት እንግዲህ። "ሲንክ ተጫን ሰውዬ፣ የሁለቱን ዘፈን ምት ሶፍትዌሩ ራሱ ያገጣጥምልሃል" የምትሉኝ ደግሞ የኛን ችክችካ ሞክሩት እስቲ፣ ሶፍትዌሩ የፈረንጁን 4/4 ምት ለምዶ የኛ 6/8 ሲመጣበት ይደናበራል፣ ስክሪኑ ሌላ ቢፒኤም ይነግርሃል ጆሮህ ሌላ ይሰማል። ጆሮ ግድ ስለሆነ ወደ ሶፋው ተመለስኩ።

ሶፋው ግን አርጅቷል። ትራሱ የተለበጠበት ቆዳ መሳይ ነገር ላብ ሲጠግብ ይሰነጣጠቅና በትንንሹ ይላላጣል። እኔ በምን ልየው፣ ዲጄ ጠረጴዛ ላይ መስታወት የለ።

አዳራሹ ቀውጢ ሆኖ ሳለ የሙሽራዋ አክስት "ዲጄ! ዲጄ!" እያሉ መጡ። ጉራጊኛ ሊያዙኝ ነው ብዬ አንዱን ጆሮ ገለጥ አደረግኩላቸው።

"ውይ በሞትኩት! ልጄ፣ ጆሮህን ምን በላው?"

ለካ ከጆሮዬ እስከ አገጬ ጥቁር በጥቁር ልጣጭ ተለጣጥፎብኛል። "እማማ ምንም አይደለም የሄድፎኑ ነው" ብል ማን ሰምቶኝ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ምራቅ ነካ አድርገው (አዎ ምራቅ) በግራ እጃቸው አገጬን ጠፍንገው ይጠርጉኝ ጀመር። እጄን ወደ ሚክሰሩ ልዘረጋ ስል "አርፈህ ቁም፣ ትንሽ ነው የቀረው!" እያሉ ይመልሱኛል። ቪዲዮ ቀራጩም የፈረደበት መብራቱን አዞረብን፣ የሱ ካሜራ ደግሞ ከአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ጋር ተገናኝቷል፣ ስለዚህ የኔ ጆሮ ግድግዳውን ሞልቶ ይታያል።

ዘፈኑ አለቀ። ቀጣዩን አላስገባሁም፣ በየት በኩል። መድረክ መሪው ምን ተፈጠረ ብሎ ማይኩን እንደያዘ እየሮጠ ሲደርስ የአክስትየው ድምፅ ሙሉ አዳራሹ ላይ ወጣ፦ "እናትህ እንዲህ ሆነህ ስትወጣ ዝም ትላለች እንዴ!"

እልልታው ቀለጠ። ሴቶቹ ከበሮውን አንስተው በአፋቸው የሰርግ ዘፈን ጀመሩ፣ ሙሽሮቹም መሀል ገቡ፣ እውነቱን ልንገራችሁ የዛን ማታ እንደሱ የተጨፈረበት ሰዓት አልነበረም። እኔ በዚህ ሁሉ ግራ ጆሮዬን ጨርሼ ወደ ቀኙ ዞሬያለሁ።

ከዛ በኋላ ሰንሃይዘር ኤችዲ 25 ገዛሁ፣ ያገለገለ። ከ1988 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ጆሮ ላይ ይቀመጣል እንጂ ጆሮ አይውጥም፣ ያለ ገመዱ 140 ግራም ነው፣ ትራሱም ገመዱም ለየብቻ ይቀየራል። ድሮ ባየው "ይሄ የሬድዮ ጋዜጠኛ ነው የሚያደርገው" ብዬ አልፈው ነበር። ጥብቅ ስለሚል የውጪውን ጩኸት ይዘጋልሃል፣ ካልዘጋልህ ቮልዩም ትጨምራለህ፣ ቮልዩም ስትጨምር ሰርጉ ካለቀም በኋላ ጆሮህ ሲጮህ ያድራል። ደግሞ ይጫናል፣ አልዋሽም፣ መነፅር ላደረገማ ቅጣት ነው። እኔ አሁን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ዘፈን ልቀይር ስል ብቻ አንዱን ጆሮ ጠጋ አደርገዋለሁ፣ ያኔ ሙሉ ሌሊት ጭንቅላቴ ላይ ቆልፌው የማመሸው ለምን እንደነበር እኔም አይገባኝም።

ባለፈው ደግሞ አንዱ ደወለልኝ።

"ለሰርግ ልይዝህ ነበር።"

"እሺ ቀኑ መቼ ነው?"

"ቆይ መጀመሪያ፣ ያ ጆሮው የተጠረገለት ዲጄ አንተ ነህ አይደል?"

"...ነኝ።"

"በቃ እማዬ ከሱ ውጪ አልፈልግም ብላለች። ነጠላዋንም ይዛ ነው የምትመጣው።"