ቀኝ ሠርቶ ግራ ሲበላ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ጂም ውስጥ ስኳት (ክብደት ትከሻ ላይ ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ስሠራ አሰልጣኙ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና "ወንድምዓለም፣ ክብደቱን እኮ ቀኝ እግርህ ብቻውን ነው የተሸከመው" አለኝ። ግራ ጉልበቴ ልጅ ሆኜ ኳስ ሜዳ ላይ የተጎዳ ነው። ወጌሻ አሽቶት ሕመሙ ለቀቀኝ፤ ታፋዬ ግን እንደሳሳ ቀረ። ለካ ጉልበት ሲያብጥ የፊት ታፋ ጡንቻ በደንብ መኮማተር ያቅተዋል፤ እብጠቱ ከጎደለም በኋላ ካልተሠራበት ድካሙ ይቆያል። በሁለት እግር ሲሠራ ደግሞ ጠንካራው የደካማውን ድርሻ እየወሰደ ይሸፍንለታል።

አሰልጣኙ ባርቤሉን (የክብደት ብረቱን) አስቀመጠና በአንድ እግር ሣጥን ላይ መውጣት አዘዘኝ። ከግራ ይጀመራል፣ ቀኝ ግራ የቻለውን ያህል ብቻ ይሠራል። ቀኜ ገና ሳይሞቀው ቁም መባሉ ያናድዳል (እውነቴን ነው)! ትንሽ ልዩነትማ ማንም ላይ አለ። ጉልበቴ ካበጠ ወይም ከከዳኝ ግን ፊዚዮቴራፒስት ጋ ነው። ነገ ደረጃ ስወርድ የምታዩኝ እንዳትስቁ 😅