ረመዳንን ቀኑን ሙሉ እየቻልኩ ማታ ማታ ለምን ያቅተኝ ነበር? ሲጋራ እንዴት እንዳቆምኩ

ደሴ ኮምቦልቻ ዶልፊን ነው የምነዳው። ሲጋራ የጀመርኩት በ17 ዓመቴ ረዳት እያለሁ ነው፣ ለሾፌሩ እየለኮስኩ አቀብለው ነበር እንደዛ እንደዛ እያለ 14 ዓመት ሄደ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ከልክሏል፣ ሱቅ ላይ ግን እድሜ የሚጠይቅ እኔ አላየሁም፣ ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል ምክንያቱም ልጆቹ በፍሬ እየገዙ ስንት እንዳጨሱ እንኳን አያውቁትም። እኔም በፓኮ ስለማልገዛ "ትንሽ ነው የማጨስ" እል ነበር፣ አንድ ቀን ሂሳብ በምጽፍበት ደብተር ላይ በለኮስኩ ቁጥር አንድ አንድ ጭረት ሳደርግ ዋልኩና ማታ ስቆጥረው 17።

ነገሩን የገለጠልኝ ረመዳን ነው። ከሱሁር እስከ መግሪብ 13 ሰዓት ገደማ አንድም ሳልለኩስ እየነዳሁ እውላለሁ። አዛን ሲል ግን እናቴ ቴምርና ውሃ ይዛ "ቢስሚላህ በል" ስትለኝ እኔ ቴምሯን አፌ ውስጥ ከትቼ በር ላይ ነኝ። ባዶ ሆድ ላይ የመጀመሪያው ሲሳብ ጭንቅላት ያዞራል። አንድ ማታ እንደዛ አዙሮኝ ግድግዳ ይዤ ቆሜ እናቴ መጣች፣ ምንም አላለችኝም፣ የተውኩትን ውሃ እጄ ላይ አስያዘችኝና ገባች።

ያን ለሊት ሳስበው አደርኩ። ቀን የምችል ሰውዬ ማታ ምን ነካኝ? ቀን ላይ ጫት የለም፣ ቡና የለም፣ አጠገቤ የሚያጨስም የለም። ማታ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል። ከዛ በፊት ሁለቴ አቁሜ ሁለቴም የወደቅኩት በርጫ ላይ ነው፣ ምርቃናው ሲመጣ እጅ ራሱ ሲጋራ ይፈልጋል። ስለዚህ ሲጋራን ብቻ አቆማለሁ ማለት ለእኔ ውሸት ነበር፣ ጫቱንም አብሬ ተውኩ። የከበደኝ እሱ ነው፣ ጓደኞቼን ማጣት መስሎ ተሰምቶኝ ነበር።

ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ የመጀመሪያዎቹ ሶስት ቀናት ይብሳሉ፣ ከዛ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፣ ሀራራው ሲመጣም ደቂቃዎች ነው የሚቆየው ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው፣ ሁለተኛው ቀን ረዳቴን በትንሽ ትልቁ ስጮህበት ዋልኩ፣ ማታ ይቅርታ ጠይቄው ለምን እንደሆነ ነገርኩት። ከዛ በኋላ መናኸሪያ ተራ ስንጠብቅ ሀራራዬ ሲነሳ ከፊቴ አይቶ ያውቅ ነበር፣ "ና ጎማ እንይ" ብሎ ያስወርደኛል፣ መኪናውን ሁለቴ ዞረን እስክንመለስ ያልፋል። ላይተር የማስቀምጥባት ቦታ ላይ ቆሎ አስቀመጥኩ። ሳሉ መጀመሪያ ጨመረብኝ፣ ደንግጬ ነበር፣ ከወር በኋላ ግን የጦሳን ዳገት በእግሬ ስወጣ ትንፋሼ እንደ ድሮው አላስቆመኝም።

በአምስተኛው ሳምንት ለቅሶ ቤት አንድ አጨስኩ። ድሮ ቢሆን "በቃ ተበላሸ" ብዬ ማታውን አምስት እጨምር ነበር፣ አሁን ግን ድንኳኑ ውስጥ ከሚያጨሱት ተነስቼ ሽማግሌዎቹ ጋር ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ሌላ አልለኮስኩም።

አንድ አመት ከአራት ወር ሆነኝ። ነርሷ አንድ አመት ከሞላው በኋላ በሲጋራ የሚመጣው የልብ በሽታ አደጋ በግማሽ ይቀንሳል ብላኛለች። ዘንድሮ ረመዳን እናቴ ቴምሩን ስትሰጠኝ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሾርባዬን እስከታች ጠጣሁ፣ ሰሃኑን መልሳ ሞላችውና "አላህ ያግራልህ" አለችኝ።