ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ ጡንቻም እንዳይቀንስ

የደም ስኳሩን ለማስተካከል ካርቦሃይድሬት የቀነሰ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሦስት ኪሎ ቀንሶ ቢደሰት አይፈረድበትም፤ ይሁንና ከቀነሰው ውስጥ አብዛኛው ስብ ሳይሆን ውሃ ነው። ጉበት 100 ግራም፣ ጡንቻዎች ደግሞ 400 ግራም ያህል ግላይኮጅን (ሰውነት ለኋላ የሚያስቀምጠው ስኳር) ያከማቻሉ፤ እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ ክምችቱ ሲሟጠጥ ውሃውም አብሮ ይወጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። አንጎል በቀን 120 ግራም ያህል ግሉኮስ (በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ስኳር) ይፈልጋል። የጉበት ክምችት ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም፤ በጡንቻ ውስጥ ያለው ግላይኮጅን ደግሞ ለራሱ ለጡንቻው እንጂ ግሉኮስ ሆኖ ወደ ደም አይመለስም። ስለዚህ ጉበት ጡንቻ ሲሠራ ከሚወጣው ላክቴት፣ ከስብ ከሚገኘው ግሊሰሮልና ከአሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን ከተገነባባቸው ጥቃቅን ክፍሎች) አዲስ ግሉኮስ ይሠራል፤ አሚኖ አሲዶቹ ከምግብ በበቂ ካልመጡ ከጡንቻ ይወሰዳሉ። ውሎ አድሮ ጉበት ከስብ የሚሠራቸው ኪቶኖች የአንጎልን ፍላጎት በከፊል ስለሚሸፍኑ ጫናው ይቀልላል፤ ሆኖም ካርቦሃይድሬትን ብቻ ሳይሆን ፕሮቲኑንም ጠቅላላ ምግቡንም አንድ ላይ የሚቀንስ ሰው (እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው) ጡንቻውን ለአደጋ ያጋልጣል።

ጉዳዩ የመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበኝ ነበር። ኢንሱሊን ከደም የሚያነሣውን ስኳር በአብዛኛው የሚቀበለው ጡንቻ ነው፤ በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ደግሞ ያለ ኢንሱሊንም ግሉኮስ ይወስዳል። ስኳሩን ለማስተካከል ሲል ጡንቻውን ያጣ ሰው፣ ወደ ቀድሞ አመጋገቡ በተመለሰ ጊዜ ስኳሩን መቆጣጠር ይበልጥ ይከብደዋል።

የአንድ ወዳጄን ማስታወሻ ደብተር ተመልክቼ ነበር፤ የጠዋት ስኳር፣ ከምግብ በኋላ ያለው ስኳርና ክብደት በየዓምዳቸው በጥንቃቄ ተመዝግበዋል፤ ስለ ፕሮቲን ግን አንዲት ቁጥር የለችም። ክብደት በሚቀነስበት ጊዜ ጡንቻን ለመጠበቅ በአብዛኛው የሚመከረው ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ84 እስከ 112 ግራም መሆኑ ነው፤ ሁለት እንቁላል ግን 12 ግራም ገደማ ብቻ ይሰጣል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ፕሮቲኑ ብቻውን አይበቃም፤ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ክብደት ማንሣት ወይም ቁጭ ብድግና ፑሽአፕ መሥራት ያስፈልጋል።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ (የስኳር በሽታ ክኒን) የሚወስዱ ሰዎች ግን ምግባቸውን ከመቀየራቸው በፊት የመድኃኒታቸውን መጠን በሐኪም ማስተካከል አለባቸው፤ ካርቦሃይድሬቱ ቀንሶ መድኃኒቱ በነበረበት ከቀጠለ ስኳራቸው ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ።