ከግድግዳ የተላጠ ጋዜጣ

ዴንቨር ያለን የአቃቂ ልጆች "አገርህ የት ነው?" ስንባል "አዲስ አበባ" ብለን እንገላገላለን። ውሸት አይደለም፤ በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በዐሥር ክፍለ ከተማ ስትከፈል አቃቂ ከቃሊቲ ጋር ተዳብላ አንዱ ሆናለች። እርስ በርሳችን ስንሆን ግን ሌላ ነው። ልጆች ሳለን አዲስ አበባ የምትኬድ አገር ነበረች፤ እግር ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ ለጎረቤት ተነግሮ። ለዚህ ነው ለቅሶ ቤት ወይም ክርስትና ላይ ሁለት የአቃቂ ሰዎች ከተገናኘን ወሬው ወዲያው ወደ ጨርቃ ጨርቁ ሳይረን የሚዞረው። ንጋት ላይ ስንቴ ነበር የሚጮኸው? ወንዙ በፋብሪካው ቀለም ሰማያዊ የሚሆነው መቼ መቼ ነበር? ባቡሩ ጣቢያችን ላይ ምን ያህል ይቆም ነበር? እስካሁን ተስማምተን አናውቅም፤ ብንስማማ ምን እንደምናወራም እንጃ።

ለገና አገር ቤት ስገባ ይህን ሁሉ ክርክር የሚዳኝ ማስረጃ አገኘሁ ብዬ ነበር። ማስረጃው በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የታላቅ እህቴ የእትዬ በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያደግንበት ቤት ከሐዲዱ ብዙ የማይርቅ የጭቃ ቤት ነበር። ባቡር ባለፈ ቁጥር ምርጊቱ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ብርድ ይገባል፣ ትኋን ይራባል፣ አፈሩ ድስት ላይ ይረግፋል። መድኃኒቱ ጋዜጣ ነው። እማዬ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ዱቄት በውሃ በጥብጣ እሳት ላይ ታማስላለች። ኮላው ሲወፍር አይጥ እንዳይልሰው በርበሬ ጣል ታደርግበታለች። ከዚያ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አዲስ ዘመን ይለብሳል። ጋዜጣው የሚመጣው ከፋብሪካው ቢሮ ነው፤ አለቆቹ አንብበው የጣሉት። ከሱቅ ስኳር ወይም ቡና ተጠቅልሎበት የመጣውም በእጅ ተዳምጦ ለጳጉሜን ይቀመጣል። አሮጌው አይላጥም። አዲሱ የሚለጠፈው በላዩ ላይ ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ በጭቃ ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እኔም ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ቢሆን ማንበብ የለመድኩት አልጋዬ ራስጌ ነው። መጨረሻው በቁም ሳጥኑ ስለተሸፈነ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ያደግሁት ዜና አለ። ቁም ሳጥኑን አስጠግቼ ማየት እችል ነበር፤ ግን ማን ያን ከባድ ዕቃ ይገፋል?

እማዬ ካረፈች በኋላ፣ መንገድ ሊያልፍ ነው ተብሎ ሰፈሩ ሲፈርስ እኔ እዚህ ነበርኩ። እትዬ ቪዲዮ ልካልኝ ነበር፤ እስከ መጨረሻው አላየሁትም። ሌላው ሰው ቆርቆሮና የበር ፍሬም ሲቆጥር እሷ ቢላ ይዛ ገብታ የሳሎኑን ግድግዳ ላጠችው። የስንት ዓመት ጋዜጣ እንደ ተደራረበ እንጀራ ወፍሮ፣ ከኋላው ጭቃና ጭድ እንደያዘ በትልልቁ ተነሣላት። ለምን እንዳነሣችው ስጠይቃት "እንዴት ትቼው ልሂድ?" ብቻ ነው ያለችኝ።

ጥር ፀሐይ ስለሆነ አመቸን። ሳፋ ሙሉ ለብ ያለ ውሃ ቀድተን ቁራጩን እንነክራለን፤ ኮላው ሲላላ በጠፍጣፋ ቢላ ሉክ በሉክ እናላቅቃለን፤ ከዚያ የልብስ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ይሰጣል። የእትዬ ልጅ "ይኼ ሁሉ ለምንድን ነው፣ ፎቶ አንስታችሁ አትጥሉትም?" እያለች በመካከላችን ታልፋለች። ብዙው ተቀደደ። ጥቂቱ ግን የትናንት እስኪመስል ድረስ ንጹሕ ወጣ።

እኔ የጠበቅሁት አቃቂን ነበር። ሰዎቹን፣ ገበያዋን፣ ጎርፉን፣ ጠላ ቤቶቹን። ጋዜጣው ላይ ያለችው አቃቂ ግን አድራሻ ናት። የመለዋወጫ ዕቃዎችና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ፦ አቃቂ። የጨርቃ ጨርቅ ምርት ዕቅድ፦ አቃቂ። የተጎበኘ፣ የተመረቀ፣ የተገለበጠ መኪና፦ አቃቂ። አንድ ባለሥልጣን በአንድ ማሽን አጠገብ ቆሞ ይታያል፤ የማሽኑ ባለቤት ሴትዮ፣ ሻሿን ያሰረችው፣ ከትከሻው ኋላ ግማሽ ፊቷ ብቻ ገብቷል። እትዬ አጉሊ መነጽር አምጥታ እማዬ ትሆን እንደሆነ ብዙ አየች። አይደለችም፤ ወይም ናት። የፈትል ክፍል ሴቶች ሁሉ ሻሻቸውን የሚያስሩት አንድ ዓይነት ነበር።

የድሮ ጎረቤታችን አባባ፣ ዕድሜያቸውን በዚያ ፋብሪካ የጨረሱ ሰው፣ ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። "አቃቂ እኮ የአዲስ አበባ ጓዳ ነች፤ እንግዳ መቼ ጓዳ ይገባል?" አሉኝ። ሐቃቸውን ነው። ከግድግዳችን ዕድሜ በፊት ያለውም ያው ነው። በ1909 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ ተብሎ ሲዘመር በእኛ በኩል አልፎ ነው የገባው። ኢትዮጵያ በ1927 በሬዲዮ ከዓለም ጋር መነጋገር ስትጀምር ጣቢያው የቆመው አቃቂ ነው፤ የሠራው አንሳልዶ የሚባል የጣሊያን ኩባንያ መሆኑ ይገርማል፣ ምክንያቱም በማግሥቱ ዓመት የጣሊያን ጦር ሲቃረብ እንዳይጠቀምበት የራሳችን ሰዎች አወደሙት። አባ ሳሙኤል፣ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ፣ የሚዞረው በአቃቂ ወንዝ ነው፤ ለዐሥርተ ዓመታት ቆሞ ኖሮ ቻይናዎች አድሰውት በ2009 እንደገና ተነሣ። የአዲስ አበባ ሰው ቧንቧ ከፍቶ የሚጠጣው ከፊሉ ከአቃቂ ከርሰ ምድር የተሳበ ነው። አባባ ይህን ሲዘረዝሩ ጣታቸውን እያጠፉ ነው፤ አምስቱ አልቆ ወደ ሁለተኛው እጃቸው ሲሻገሩ ቡና ቀረበ፣ ቆመ። የአሁኑ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ሲመረቅማ በእኛ ጣቢያ በኩል ማለፉም ቀረ።

ወደ ሳፋው ልመለስ። አንድ ጉድ ያየነው በ1966 ጳጉሜን መለጠፉን ባሰላነው ድርብ ላይ ነው። ጋዜጣው የከረመ ስለነበር የጃንሆይ ትልቅ ፎቶ በራፉ ፊት ለፊት፣ የገባ ሁሉ በሚያየው ቦታ ተለጥፎ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። ያለ ወትሮዋ፣ ግድግዳውን ሁሉ ሳይሆን ያቺን ፎቶ ብቻ የሸፈነች አንዲት ቁራጭ በላያቸው ላይ አገኘን። ኮላው ቀጭን ነው፤ በችኮላ የተበጠበጠ፣ በርበሬም የሌለው ይመስላል። ለንጉሠ ነገሥቱ ፊት መሸፈኛ የተመረጠው ደግሞ የእግር ኳስ ውጤት ነው። አንድ ገጽታ ለመሸፈን ከዚህ የተሻለ ገለልተኛ ዜና በዚያን ጊዜ የሚገኝ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ጥር 26 ቀን ደርግ 72 ኢንዱስትሪና ንግድ ድርጅቶችን ወረሰ፤ በሌሎች 29 ላይ ደግሞ አብላጫውን ድርሻ ያዘ። የእማዬ ፋብሪካ፣ ያኔ ኢንዶ ኢትዮጵያ የሚባለው፣ ከተወረሱት ውስጥ ነበረ። ስለ ውርሱ የሚያወራው ገጽ ግድግዳችን ላይ አለ። አለ ግን ተዘቅዝቆ። ፊደሎቹ እግራቸው ወደ ላይ ነው።

መጀመሪያ እኛ ነን አዙረን የሰጣነው ብለን ነበር። ኋላ ሌሎቹን አየን። ከታች ያሉት ድርቦች ላይ ፎቶ ያለበት ገጽ በሙሉ ቀጥ ብሎ ተለጥፏል፤ ሰው በጭንቅላቱ አይቆምማ። ጽሑፍ ብቻ የሆነው ግን አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ የተዘቀዘቀ፣ አንዱ በጎኑ የተኛ ነው። እየወጣን ስንሄድ፣ ከአንድ ድርብ በላይ፣ አንድም የተዘቀዘቀ የለም። የማስታወቂያ ቁራጭ፣ ጣት የማታክል ጥብጣብ እንኳ ራሷ ወደ ላይ ነው።

እማዬ ፈትል ክፍል ስትገባ ማንበብ አትችልም ነበር። ሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከሺፍት መልስ በየማታው የሚማሩ የፋብሪካ ሴቶች ነበሩ፤ እሷም ገባች። ያ ዘመቻ ሲሰፋ በዐሥራ አምስት ቋንቋ የተሰጠ ነው። ጎረቤታችን አደ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለነበረች፣ በቋንቋዋ ተማረች፤ ቁቤ ገና ስላልመጣ የሁለቱም ፊደል አንድ ነበርና ማታ ማታ አንድ ኩራዝ ከበው የቤት ሥራቸውን አብረው ይሠሩ ነበር። ይህን እኔ በጭላንጭል ነው የማስታውሰው። ጥጥ ብናኝ የለበሰ ቱታ፣ የክብሪት እንጨት ወስዳ ፊደል ከፊደል ስታመለክት፣ ስትሳል። ያ ሳል ምን እንደሆነ ያወቅሁት ብዙ ዘግይቼ ዴንቨር የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስሠራ ነው፤ ከጥጥ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት አንድ ሌሊት እንደዚያው ሲስሉ ሰማኋቸው። በድምፁ ብቻ ለየሁት።

እትዬ ገመዱ ላይ የተሰጡትን ሉኮች በዓመታቸው ደርድራ አስቆጠረችኝ። ቀኑ የሚነበብባቸውን ለየን። የመጨረሻው ዝቅዝቅ 1970 ነው፤ ከ1972 ወዲህ ያለው ሁሉ ቀጥ ነው። 1971 ተቀዳዶ ወጥቷል። "እዚች ላይ ነው ያነበበችው" አለች እትዬ፣ በሁለቱ መካከል ባለው ባዶ ገመድ ላይ መቆንጠጫ አድርጋ። ፈተናውን ባለፈችበት ቀን ሠፈር ውስጥ ዳቦ መደፋቱን አስታወሰች። እኔ ዳቦውን አላስታውስም፤ እሷ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ተውኩላት።

አባባን ጠርተን ያሳየናቸው በዚህ ደስታችን ላይ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ተራመዱት።

"ጥሩ ነው። ግን የዚያን ዓመቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ።"

"ምን አሉ?"

"እናታችሁ ለሊት ሺፍት ነበረች። አባታችሁ ሐዲድ ጥገና ወጥቶ አዋሽ ነው። 'እንቁጣጣሽ መጣ፣ ቤቱ ራቁቱን ነው' ብላ አስቸገረችኝ። መሰላሉን ከእኛ ቤት አምጥቼ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ቄስ ትምህርት ቤት የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ዘቅዝቄ አልለጥፍም።"

እትዬ ቀላች። በትልልቅ ሰው ላይ ድምፅ ከፍ ማድረግ ስለማትወድ እኔን ነው የምታየው። እኔ በበኩሌ አባባን አላምናቸውም። ሰውዬው አቃቂ ውስጥ የተሠራ ነገር ሁሉ ላይ እጃቸው አለበት፤ ሳይረኑን እንኳ አንድ ጊዜ ጠግኜዋለሁ ይላሉ። ደግሞስ የለጠፉት የ1971ዱን ከሆነ፣ የ1972ቱንና ከዚያ በኋላ ያለውንስ ማን ለጠፈው? ይህን በአክብሮት አቀረብኩላቸው።

"እሱንማ እሷ" አሉ። "ያኔማ ታነባለች።"

"እሱን እኮ ነው የምንለው!" አለች እትዬ፣ ድምፅዋ ትንሽ አምልጧት።

አባባ ግን ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ያቺን የተዘቀዘቀች የውርስ ገጽ ከገመዱ አውርደው ገልብጠዋታል። ዕድሜዋን በሙሉ ከሥሯ ካለው ጋዜጣ ጋር ተጣብቃ የኖረች ጀርባዋ ላይ የብሔራዊ ሎተሪ ዕድለኛ ቁጥሮች ተደርድረዋል። በዚያው ሰሞን አንድ ቲኬት ገዝተው እንደነበረ፣ ሳያወጡት በታጠበ ሱሪ ኪስ ውስጥ እንደሟሸሸ፣ ቁጥሩን ግን እስከዛሬ እንደማይረሱት ነገሩን። ዓይናቸው ደቃቁን ስላላነበበላቸው ገጿን ለእትዬ ሰጧት።

"በይ አንብቢልኝ። ከላይ ጀምሪ፣ ቀስ እያልሽ።"

እትዬ አኩርፋም ቢሆን ጀመረች። ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ ገና ግማሹ ላይ ነበረች፤ አንድ ቁጥር ዘለልሽ ተብላ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሳለች።