ዘንጉ ይቅደም፦ የሦስተኛዋ የናስ ሎኮሞቲቭ ሻንሲ

ሰላም ለሁላችሁ። ከኪት፣ ማለትም ተገጣጥመው ከሚበየዱ የናስ ክፍሎች ሣጥን፣ ትንንሽ የሞዴል ሎኮሞቲቮችን እሠራለሁ። ባለፈው የነገርኳችሁ የሦስተኛውን ኪት ሣጥን ከፍቼ ላሜራዎቹን ጠረጴዛ ላይ እንደዘረጋሁ ነበር። ዛሬ ሻንሲው በራሱ ሞተር ሐዲድ ላይ እየሄደ ነው፤ አካሉም ቀለም ሊቀባ ጥቂት ነው የቀረው። ስለ ሁለቱም እነግራችኋለሁ፤ ልቤ ያለው ግን ሻንሲው ላይ ነው። በሁለት ኪት ያልተፈታልኝ ችግር በዚህኛው ስለተፈታ፣ መንገዱን ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው።

የምሠራት ሎኮሞቲቭ ጄ72 ትባላለች። በጣቢያ ግቢ ውስጥ ፉርጎ የምታመላልስ፣ ውኃዋን ከቦይለሯ ግራና ቀኝ ባሉ ታንኮች የምትይዝ፣ ባለ ስድስት መንኮራኩር ትንሽ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ናት። ዊልሰን ዎርስዴል ለእንግሊዙ ኖርዝ ኢስተርን ሬይልዌይ በ1898 እ.ኤ.አ. ነደፋት። ይህ ኩባንያ ከሌሎች ጋር ተዋህዶ ስሙ ከቀረ፣ የባቡር ሥራውም ወደ መንግሥት ከዞረ በኋላ፣ ብሪቲሽ ሬይልዌይስ ከ1949 እስከ 1951 እ.ኤ.አ. ድረስ 28 አዳዲስ ጄ72ዎችን አሠርቷል። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ንድፍ እንደገና ተመርጦ መሠራቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በጠቅላላው 113 ሲሆኑ ከነሱ ዛሬ የተረፈችው 69023 ብቻ ናት፤ እኔም የምሠራው እሷን ነው። ሲሊንደሮቿ በፍሬሞቹ (በሻንሲው ሁለት የጎን ሰሌዳዎች) መካከል ስለተደበቁ ከውጭ የሚንቀሳቀሰው፣ በየጎኑ ያሉትን ሦስት መንኮራኩሮች የሚያገናኘው ማያያዣ ዘንግ ብቻ ነው። የሻንሲ ሥራ በደንብ ልማር ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላየሁም።

ኪቱ በ4 ሚሊሜትር መለኪያ የተሠራ ነው፤ የእውነተኛዋ አንድ ጫማ እዚህ 4 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ማለትም 1 ለ76.2። በዚህ ስሌት 1435 ሚሊሜትር የሆነው መደበኛ ሐዲድ 18.83 ሚሊሜትር ስፋት ሊኖረው ይገባ ነበር፤ በብዛት የምንጠቀምበት ግን 16.5 ነው። ወደ ሰፊው ለመሻገር እመኛለሁ፤ ለዚህች ግን ያለኝ ሐዲድ ላይ እንድትሄድ ስለፈለግሁ ጠባቦቹን የፍሬም ማራራቂያዎች ተጠቀምኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በመጀመሪያው ኪቴ ኩሽኔታዎቹን፣ አክስሎቹ (የግራና የቀኝ መንኮራኩርን የሚያገናኙት ብረቶች) የሚዞሩባቸውን ቀለበቶች፣ ፍሬሙ ላይ በተበሱት ቀዳዳዎች እንዳሉ በየድኳቸው፣ መንኮራኩሮቹን አስገባሁ፣ በመጨረሻ ዘንጉን ሰካሁ። አልዞር አለ። የዘንጉን ቀዳዳዎች በቀዳዳ ማስፊያ ትንሽ ሰፋ፣ ትንሽ ሰፋ ሳደርግ ዞረ፤ ነገር ግን እያነከሰ። በሁለተኛው ኪት ጥንቃቄ ጨመርኩ፣ ቅደም ተከተሉን ግን አልቀየርኩም፤ ውጤቱም ከመጀመሪያው ብዙ አልራቀም። ስህተቱ ያለው ከእጄ ጥራት ይልቅ ከቅደም ተከተሉ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። በዘንጉ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀትና በአክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት አንድ መሆን አለባቸው። ፍሬሙንና ዘንጉን ለየብቻ ሠርቶ ይገጥማሉ ብሎ መጠበቅ ዕድልን መለመን ነው። በዚህ መጠን አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ልዩነት እንኳ መንኮራኩሩን ይይዘዋል።

ስለዚህ በዚህችኛዋ ከሁሉ በፊት ዘንጎቹን ሠራሁ። እያንዳንዱ ዘንግ ሁለት ስስ ላሜራ ተደራርቦ ይበየዳል። ሁለቱ እንዳይንሸራተቱ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የመሰርሰሪያ ጫፍ ሰክቼ ነው የበየድኩት፤ ሶልደሩ (ለመበየድ የሚቀልጠው ብረት) እንዳይዘው ጫፉን በመጻፊያ እርሳስ ቀባሁት። ኪቱ ዘንጉን አንድ ወጥ አድርጎ ነበር ያቀረበው፤ እኔ ግን መሐሉ ላይ ቆርጬ እንዲተጣጠፍ አድርጌዋለሁ። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ቀጥሎ በፍሬሙ ላይ የመካከለኛውንና የፊተኛውን አክስል ቋሚ ቀዳዳዎች በመጋዝ ቆርጬ አወጣሁና ወደላይና ወደታች የሚንሸራተቱ ኩሽኔታዎች አስገባሁ። የኋለኛው፣ ሞተሩ የሚነዳው፣ እንደነበረ ቀረ። የተንሸራታቾቹን መያዣ የት ላይ እንደምበይድ የነገረኝ ዘንጉ ራሱ ነው። በኩሽኔታዎቹ ውስጥ ረዘም ያሉ የብረት ዘንጎችን አሳለፍኩ፤ ጫፎቻቸው ቀጥነው የማያያዣ ዘንጉን ቀዳዳ ልክ የሚሞሉ ናቸው። የማያያዣ ዘንጉን ጫፎቹ ላይ ሰክቼ፣ መያዣዎቹን በትንሽ ሞላ ፍሬሙ ላይ አስጠግቼ፣ ሁሉም ሳይጨናነቅ መቀመጡን በጣቴ እያነቃነቅሁ ካረጋገጥሁ በኋላ በየድኩ። መለኪያ አልተነሳም፤ ዘንጉ ራሱ መለኪያ ሆነ።

ተንሸራታቾቹ የሚያስፈልጉት ሐዲድ መቼም ፍጹም ለጥ ያለ ስላልሆነ ነው። ሦስት እግር ያለው ወንበር የትም ቢቀመጥ አይናወጥም፤ የኋለኛው አክስል ሁለት እግር ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ በሁለቱ የፊት አክስሎች መሐል ላይ ተኝቶ እንደ ሚዛን የሚወዛወዝ አንድ የናስ ምሰሶ። ስድስቱም መንኮራኩሮች ሁልጊዜ ሐዲዱን ስለሚረግጡ ሞተሩ ከሐዲዱ የሚያገኘው ኤሌክትሪክም አይቋረጥም። አክስሎቹ ከፍና ዝቅ ካሉ ደግሞ ማያያዣ ዘንጉም አብሮ መታጠፍ አለበት፤ መሐሉ ላይ የቆረጥኩት ለዚህ ነው።

መንኮራኩሮቹን ስገጥም የቀኙ ፒን (ማያያዣ ዘንጉ መንኮራኩሩ ላይ የሚሰካበት) ከግራው በ90 ዲግሪ ይቀድማል። በእውነተኛዋ ሎኮሞቲቭ ይህ የሚደረገው ሁለቱም ፒስተኖች በአንድ ጊዜ መግፋት የማይችሉበት ነጥብ ላይ ደርሰው እንዳትቆም ነው። ለእኛ ግን ዋናው ሦስቱም አክስሎች አንድ ዓይነት ማዕዘን እንዲኖራቸው ነው። ሦስቱም 88 ቢሆኑ በደንብ ትሄዳለች፤ ሁለቱ 90 ሆነው አንዱ 88 ከሆነ ግን ትይዛለች።

ይህን ሁሉ አድርጌ በጣቴ ስገፋት በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያዝ ታደርጋለች። እጄ ወደ ቀዳዳ ማስፊያው ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። ዘንጉ መታጠፊያ ስላለው የፊቱን ግማሽ ብቻ አወጣሁ። የኋለኛው ግማሽ እንደ ዘይት ዞረ። የኋለኛውን አውጥቼ የፊቱን ብቻ ስመልስ እንደገና ያዘች። ስለዚህ ጥፋቱ ከፊተኛው መንኮራኩር አያልፍም። ደግሞም የምትይዘው የቀኙ ፒን ከአክስሎቹ ጋር በአንድ መስመር ሲተኛ ብቻ ነበር፤ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ። ማዕዘኑ ቢሆን ኖሮ የሚብሰው ፒኖቹ ሰያፍ ሲሆኑ ነበር። ቀጭን የናስ ቱቦ ፒኑ ላይ አጥልቄ ከጎን ሳይ ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ፦ ፒኑ ብቻውን ቀጥ ያለ ይመስላል፣ ሦስት ሴንቲሜትር ቱቦ ሲጨመርበት ግን ጫፉ ወደ መንኮራኩሩ ጠርዝ ያዘነበለ ነው። ፒኑን ነቅዬ፣ አንድ የብረት ቁራጭ ላይ በቀጥታ የተበሳ ቀዳዳን መሪ አድርጌ የመንኮራኩሩን ቀዳዳ በእጅ መሰርሰሪያ አስተካከልኩና መለስኩት። ዘንጉ ከፒኑ እንዳይወጣ የሚይዘውን ሮንዴላ ከመበየዴ በፊት ሻንሲውን ሰያፍ በያዝኩት መስታወት ላይ ሳስቀምጠው በራሱ ክብደት ተንከባለለ። የዘንጉን ቀዳዳ አንድም ጊዜ አልነካሁትም።

ሞተሩ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ 1 ለ54 የሚቀንስ የጥርስ ሣጥን ነው ያስገባሁት፣ ለግቢ ሎኮሞቲቭ ዝግታው ይበቃል።

ስለ አካሉ። የናስ ክፍሎቹን እርስ በርስ ባለ 188 ዲግሪ ሶልደር (ቁጥሩ የሚቀልጥበት ሙቀት ነው)፣ ትንንሾቹን ባለ 145፣ በቀላሉ ከሚቀልጥ ነጭ ብረት የተቀረጹትን ጭስ ማውጫና ጉልላት ባለ 70 በየድኩ። ባለ 70ው ናስ ላይ በደንብ ስለማይይዝ ናሱን አስቀድሞ በባለ 145 መቀባት ያስፈልጋል። ጉልላቱን ከበየድኩ በኋላ ከፊት ሳየው በግማሽ ሚሊሜትር ወደ ግራ ዘሟል። እንደገና በመበየጃ ብነካው መቅለጡ ስለማይቀር ቦይለሩን በሽቦ አንጠልጥዬ የፈላ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ውኃው ከ70 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ሶልደሩ ቀለጠ፣ ጉልላቱ ሳይጎዳ ቀስ ብሎ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ሌላው ሁሉ ከቦታው አልተነቃነቀም። ባለ 70ው ሶልደር ውስጥ እርሳስና አብዛኛውን ጊዜ ካድሚየም ስላለ ለዚህ የሚሆነው ዕቃ ወደ ማብሰያ ቤት የማይመለስ ይሁን፤ መስኮትም ይከፈት። ሶልደሩ እንዲይዝ የሚቀባው ፍለክስም አሲድ ስለሆነ በየማታው በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ አጥባታለሁ፤ አንድ ማታ ብተወው ጠዋት ማዕዘኖቹ አረንጓዴ ሆነው አገኘኋቸው።

ታንኮቹ ውስጥ ክብደት እንዲሆን የእርሳስ ፍንጣሪ ሞልቻለሁ። አደራችሁን፣ የእርሳስ ፍንጣሪን በነጩ የእንጨት ሙጫ አታጣብቁ። ሁለቱ ተዋህደው ከጊዜ በኋላ ያብጣሉ፣ የተበየደ ናስንም ይገነጥላሉ። እኔ ኢፖክሲ ነው የተጠቀምኩት።

ከኪቱ የቀየርኩት ሌላው የእጅ መያዣውን ነው። የመጣው ወፍራም ስለነበር በ0.45 ሚሊሜትር ሽቦ ተካሁት፤ የአሸዋ ቱቦዎቹንም ከሽቦ ሠራሁ። ለዚህ የ69023ን ፎቶዎች ደጋግሜ አየሁ። የተረፈች ሎኮሞቲቭ መምረጥ ከሁሉም አቅጣጫ የተነሳ ፎቶ ይሰጣል፤ ነገር ግን አብዛኛው ፎቶ ከጡረታዋ በኋላ ያለውን መልኳን ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዝርዝር ቢያንስ አንድ የሥራ ዘመኗን ፎቶ እፈልጋለሁ፤ ካላገኘሁ አልጨምረውም።

የቀረኝ ፍሬኑ ነው። የፍሬን ጫማዎቹ ከመንኮራኩሩ ፊት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይርቃሉ፤ ናስ ስለሆኑ ከነኩት ኤሌክትሪኩ ይቀላቀላል። መንኮራኩር ማውጣት ሲያስፈልገኝ እንዲነቀሉ ሁሉንም በአንድ ተነቃይ ክፍል ላይ ልሠራቸው አስቤ በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ላስረው ነው። ተንሸራታች ኩሽኔታ ያለው ሻንሲ ላይ ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ፣ አክስሉ ከፍ ሲል ጫማው እንዳይነካ ስንት ክፍተት እንደተዋችሁ ንገሩኝ። ሽቦውን ከመቁረጤ በፊት መልሳችሁን እጠብቃለሁ።