ከፍጥነቱ በፊት የማርሽ ሳጥኑ

ሰሞኑን የማነበው ሁሉ ስለ ቲልትሮተር አውሮፕላኖች፣ ማለትም ሮተራቸውን (እንደ ማራገቢያ የሚሽከረከሩትን ብሌዶች) ወደ ላይ አቁመው እንደ ሄሊኮፕተር ስለሚነሡ፣ ወደፊት አጋድመው ደግሞ እንደ አውሮፕላን ስለሚበሩ በራሪዎች ሆኗል፤ በተለይም የአሜሪካ ምድር ጦር ከብላክ ሆክ ሄሊኮፕተሮቹ ከፊሉን እንዲተካለት በታኅሣሥ 2022 ስለመረጠው፣ በ2025 ደግሞ ኤምቪ-75 የሚል መጠሪያ ስለሰጠው የቤል ኩባንያ አውሮፕላን። (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስለ እርሱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ፍጥነቱን የሚያወድስ ነው። የእኔ ሐሳብ ግን ደጋግሞ የሚያርፈው የሞተሩን ኃይል ወደ ሮተሩ በሚያደርሰው የማርሽ ሳጥን ላይ ነው፤ የተሳፋሪዎቹ ሕይወት የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነውና።

ፍጥነቱን አልንቅም። ሄሊኮፕተር ወደፊት በሚበርበት ጊዜ የሮተሩ ብሌዶች በአንደኛው ጎን ነፋሱን ፊት ለፊት ሲገጥሙት በሌላኛው ጎን ከነፋሱ ይሸሻሉ፤ ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድም በሚሸሹበት ጎን የማንሳት አቅማቸው እየከዳቸው ይመጣል። ሮተሩን ወደፊት አጋድሞ ሸክሙን ለክንፍ ማስረከብ ከዚህ ወሰን ያሻግራል። በሚያዝያ 1980 አሜሪካ ታጋቾቿን ለማስለቀቅ ወደ ኢራን የላከቻቸው ሄሊኮፕተሮች በብልሽትና በአቧራ አውሎ ነፋስ ተዳክመው ተልዕኮው ሲሰረዝ፣ ከበረሃው ለመውጣት በተደረገው ጥረትም በደረሰ ግጭት 8 ወታደሮች ሲሞቱ፣ እንደ ሄሊኮፕተር የሚያርፍ፣ እንደ አውሮፕላን ግን ሩቅ የሚጓዝ መጓጓዣ እንደሚያስፈልግ ለጦሩ ግልጽ ሆነ። ከ1977 ጀምሮ ይበር የነበረው ኤክስቪ-15 የተባለው የሙከራ አውሮፕላን ነገሩ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። ከዚያ የተወለደው ቪ-22 ኦስፕሬይ በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ ለባሕር ኃይል እግረኛው ክፍል ለአገልግሎት ብቁ ነው የተባለው ግን በ2007 ነው።

በእነዚያ ዓመታት መካከል ያለው ታሪክ ከባድ ነው። በሚያዝያ 2000 በአሪዞና ማራና በሌሊት ልምምድ ላይ የነበረ ኦስፕሬይ ወደፊት የሚጓዝበት ፍጥነት አንሶ ሳለ እጅግ በፍጥነት ቁልቁል ሲወርድ፣ አንደኛው ሮተር ራሱ ወደ ታች በገፋው አየር አዙሪት ውስጥ ገባና አቅሙን አጣ። ይህ በማንኛውም ሄሊኮፕተር ላይ የሚደርስ ነው፤ ሁለቱ ሮተሮች በክንፍ ጫፍና ጫፍ ላይ በተተከሉበት አውሮፕላን ግን አንደኛው ሲከዳ ሌላኛው ማንሳቱን ስለሚቀጥል አውሮፕላኑ ወደ ጎን ይገለበጣል። በውስጡ የነበሩት 19 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ከዚያ በኋላ በተደረጉት ሙከራዎች የአደጋው ወሰን በትክክል ተለይቶ ታወቀ፤ አብራሪዎችም እንዴት ማምለጥ እንደሚችሉ ተማሩ።

የማርሹ ነገር እንዲህ በአበራር ዘዴ ብቻ የሚታረም አይደለም። በኅዳር 2023 በጃፓን ያኩሺማ ደሴት አጠገብ የወደቀው ኦስፕሬይ 8 ሰዎችን ይዞ ጠፋ፤ ምርመራው መነሻውን ያገኘው በግራው ሮተር የማርሽ ሳጥን ውስጥ በተሰነጠቀ አንድ ትንሽ ጥርሳም ማርሽ ላይ ነው። በሳጥኑ ዘይት ውስጥ ማግኔት ያለው ጠቋሚ ይቀመጣል። ከማርሾቹ የተፋቀች የብረት ፍንካች ስትይዘው ጠቋሚው በኤሌክትሪክ ሊያቃጥላት ይሞክራል፤ ከተቃጠለች ቀላል ነገር ነበረች ማለት ነው፣ ካልተቃጠለች ግን ለአብራሪው ከበድ ያለ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። በዚያ በረራ ላይ ማቃጠሉን የሚናገረው ምልክት ደጋግሞ መጥቶ ነበር፤ ጉዞው ግን ቀጠለ። እኔን የሚያሳስበኝ ከአብራሪዎቹ ውሳኔ ይልቅ፣ በየበረራው ሊያጋጥም የሚችለውን ተራ ፍንካች ከሚሞት ማርሽ ፍርስራሽ በግልጽ ለይቶ የማይነግር መሣሪያ በእጃቸው መሰጠቱ ነው። የኦስፕሬይ ሁለት ሮተሮች ክንፉን አቋርጦ በሚያልፍ ዘንግ የተያያዙ ናቸውና አንድ ሞተር ቢጠፋ ሌላው ሁለቱንም ያሽከረክራል፤ በሮተሩ ሥር ያለው ማርሽ ከተሰበረ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያድነው ነገር የለም።

ስለዚህ የአዲሱን ትውልድ ንድፍ ስመለከት መጀመሪያ የምፈልገው እዚህ ላይ ምን እንደተለወጠ ነው። የኤምቪ-75 ቀዳሚ የሆነው ቪ-280 በታኅሣሥ 2017 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ ከ300 ኖት በላይም ደረሰ፤ ይህም በሰዓት ከ550 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው። ለእኔ ከዚህ የሚልቀው ሞተሩ ከሮተሩ ጋር ሳይዞር ባለበት መቆየቱ ነው። በኦስፕሬይ ሞተሩ ከነቤቱ ከሮተሩ ጋር ይነሣል፣ ይጋደማልም፤ ሲያርፍ ትኩስ ጭሱን ቁልቁል መሬቱ ላይ ይለቃል። በቪ-280 ግን ሞተሩ አግድም ተጋድሞ ይቀመጣል፤ የሚዞረው ሮተሩና ከእርሱ ጋር ያለው የማርሽ ክፍል ብቻ ነው። ጭሱ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ወታደሮችም በጎን በሮቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ክንፉ እንደ ኦስፕሬይ ወደፊት ያዘነበለ ሳይሆን ቀጥ ያለ በመሆኑ በውስጡ የሚያልፈው ዘንግም ቀጥ ብሎ መሄድ ይችላል፤ የሚቀነስ ማርሽና ኩሽኔታ ሁሉ ደግሞ ሊሰበር ከሚችለው አንድ የተቀነሰ ነው። ይህ ጨዋ ምሕንድስና ነው፤ ከልቤ አደንቀዋለሁ።

ሆኖም አንድ ማርሽ ሕይወትን የሚሸከምበት ሥርዓት በአዲሱም አልቀረም፤ የሞተሩን ኃይል በማርሽ ወደ ሮተሩ በሚያደርስ በራሪ በቀላሉ የሚቀርም አይደለም። የአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ተቋም ዳርፓ በበኩሉ ሮተሮቹ ከፍታ ላይ ቆመው የሚታጠፉለትንና ከ400 ኖት በላይ በጄት የሚበር አውሮፕላን እያስጠና ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ የሚሽከረከረውን ሮተር ከሞተሩ የሚያላቅቅና መልሶ የሚያገናኝ ፍሪሲዮን ይጨመራል። ኦስፕሬይ በፍሪሲዮኑ ምክንያት በ2022 በካሊፎርኒያ 5 ሰዎችን አጥቷል። ኤምቪ-75 ወደ ሙከራ በረራ ሲገባ ብዙዎች የሚጠብቁት የፍጥነት ክብረ ወሰን ይሆናል፤ እኔ የምጠብቀው የማርሽ ሳጥኑ መሬት ላይ እስኪሰበር ድረስ ስንት ሰዓት እንደተሽከረከረ፣ ከመሰበሩ ስንት ደቂቃ ቀደም ብሎም ለአብራሪው እንደተናገረ የሚገልጸውን ዘገባ ነው።