ወደ አዲሱ ዲስክ የተዛወርኩበት ቀን

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ፒያሳ አካባቢ ካለው ክፍሌ ሳልወጣ የላፕቶፔን አሮጌ ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በተባለ ፈጣን ዲስክ ስተካ ዋልኩ። ሁለቱም ዲስኮች እንደተሰኩ ኮምፒውተሩ በደንብ ስለተነሣ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አሮጌውን ስነቅለው ግን የሚነሣበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚገልጽ መልእክት ብቻ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ቀረ። በየዓመቱ በጥምቀት ዕለት በፋሲለደስ መዋኛ ያነሣኋቸው ፎቶዎች በሙሉ በዚያ ዲስክ ላይ ስላሉ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ሰዓት ወሰደብኝ። ዊንዶውስ ዩኢኤፍአይ በተባለው የኮምፒውተሩ ማስነሻ ፕሮግራም ሲነሣ መጀመሪያ የሚነበበው ዊንዶውስ ያለበት ሲ ድራይቭ ሳይሆን ኢኤፍአይ የተባለች፣ ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋባይት ገደማ የሆነች ስውር ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ናት፤ እኔ ደግሞ ሲን እና የሪከቨሪውን (የዊንዶውስ መጠገኛውን) ፓርቲሽን ብቻ ገልብጬ እርሷን አሮጌው ዲስክ ላይ ትቻት ነበር። ከመጫኛ ፍላሽ ተነሥቼ በአዲሱ ዲስክ ላይ ፋት32 በተባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ዲስክፓርት በተባለው የዲስክ መከፋፈያ ፕሮግራም ከፈጠርኩ በኋላ የማስነሻ ፋይሎቹን የሚጽፈውን ቢሲዲቡት የተባለውን ትእዛዝ ሳስኬድ ኮምፒውተሩ ብቻውን ተነሣ።

ከዚያም የማላውቀው ድራይቭ ብቅ ብሎ ቦታው ሞልቷል እያለ ያስጠነቅቀኝ ጀመር። ቫይረስ አልነበረም፤ የሪከቨሪው ፓርቲሽን ሲገለበጥ የዓይነት መለያው ወደ ተራ ፓርቲሽን ስለተቀየረ ዊንዶውስ እንደ ሲ ያለ የድራይቭ ፊደል ሰጥቶት ነው። መለያውን መልሼ ፊደሉን ሳነሣለት ጠፋ። አሮጌውን ዲስክ ፎቶዎቹን ሌላ ቦታ እስካስቀምጥ ድረስ አልሰርዘውም።